የሳሳ አየር፣ የድሮ አውሮፕላን፦ ፓይፐር ከብን ከመካነ ሰላም ማስነሣት

ፓይፐር ከብ የተባለውን የድሮ አውሮፕላን ከመካነ ሰላም የአውሮፕላን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስነሣት የሞከርኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። በኮምፒውተር ነዋ፤ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣ ቡናዬን በጎኔ አስቀምጬ። ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት። ሞተሩ አጓራ፣ ጅራቱ ብድግ አለ፣ ሜዳው ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። አውሮፕላኑ ግን እንደ ዶሮ አንድ ክንድ ዘለለና ተመልሶ ቁጭ። ደግሞ ዘለለ፣ ደግሞ ቁጭ። ሜዳው አለቀና ማሳ ውስጥ ተቀረቀርኩ። ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብዬ ዘጋሁት። ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ፕሮግራሙ ደኅና ነበር፤ አውሮፕላኑ ያልተነሣው ሥሪቱ ትክክለኛ ስለሆነ ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ትክክለኛነት ለሚፈልግ ሰው ነው። ትልቅ ጄት እየነዱ ዱባይ ማረፍ የሚያምርዎ ከሆነ ሌላ ጽሑፍ ይሻልዎታል። በሸራ ክንፍና በእንጨት ፕሮፔለር፣ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ካለችው የወሎ ከተማችን ከመካነ ሰላም ተነሥቶ የዓባይን ገደል አይቶ መመለስ የሚያጓጓዎ ከሆነ ግን ይቀጥሉ።

ፕሮግራሙንና ካርታውን ማሰናዳት

በሰፊው የሚታወቁት የበረራ ማስመሰያዎች ሦስት ናቸው። የማይክሮሶፍቱ ፍላይት ሲሙሌተር ከሁሉም ያምራል፤ ነገር ግን የምድሩን ምስል ከኢንተርኔት እየሳበ ስለሚሠራ የኛን ዓይነት ኔትወርክና የኛን ዓይነት የጥቅል ዋጋ አያውቅም። ኤክስ-ፕሌን 12 ጥሩ ነው፤ ሱፐር ከብ የሚባለው የከብ ታናሽ ወንድምም አብሮት ይመጣል፤ ግን በገንዘብ ነው። ሦስተኛው ፍላይትጊር ነው፤ ነጻ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በጎ ፈቃደኞች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያሻሽሉት የኖሩት። መጠኑ 2 ጊጋባይት አካባቢ ነው። እኔ ያለ ማመንታት ፍላይትጊርን እላለሁ። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ካለዎ በፍላሽ አስገልብጠው ያስመጡት።

የዓለሙ ካርታ በአሥር በአሥር ዲግሪ አራት ማዕዘን ተቆርጦ ነው የሚወርደው። የኛ ቁራጭ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሰሜን ያለው ነው፤ የፋይሉ ስም ኢ030ኤን10። መካነ ሰላም፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ወደ ደብረ ብርሃን ልውረድ ካሉ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚሆኑ ኢ030ኤን00ም ያስፈልግዎታል። አንዴ ካወረዱት በኋላ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ይበራሉ።

ስለዚህ ካርታ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፤ በኋላ እንዳያዝኑብኝ። የተራራውና የገደሉ ቅርጽ በአብዛኛው የተወሰደው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር ከተለካው ነው። በየ90 ሜትሩ አንድ ነጥብ ማለት ነው። ስለዚህ አምባው አለ፣ ሸለቆው አለ፣ ከፍታውም ይገጥማል፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ገደል ግን ትንሽ ተዳፋት መስሎ ይታያል። ቤትዎን አይፈልጉበት።

የመካነ ሰላምን ሜዳ በስሟ ወይም ኤም ኬ ኤስ በሚለው የአየር መንገዶች ምኅጻር ይፈልጉ። በወረደልዎ ካርታ ላይ ከጠፋች አይጨነቁ። መነሻ ቦታውን በቁጥር ማስገባት ይቻላል፤ ኬክሮስ 10.73 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 38.74 ምሥራቅ። ካልሆነም ከኮምቦልቻ ይነሡ፤ ምኅጻሩ ኤች ኤ ዲ ሲ ነው።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ሐበሻ የሆነ ሰው ብቻ የሚያገኘው ጥቅም አለ። ማስመሰያው የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ 3 ሲቀንሱ ቀጥታ የኛን አቆጣጠር ያገኛሉ። ግሪንዊች 4 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ 9 ሲሆን ስድስት ሰዓት ነው። ይህችን ይያዙ፤ ወደ በኋላ ይፈልጓታል።

ጆይስቲክ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በማውስ ይበራል። ፍላይትጊር ላይ ታብን ሲጫኑ ማውሱ መሪ ይሆናል፤ የግራ ቁልፉን ተጭነው ወደ ጎን ሲያንቀሳቅሱት ደግሞ የጅራቱን መሪ ይይዛል። ቤንዚን መስጫው ፔጅ አፕ፣ መቀነሻው ፔጅ ዳውን ነው። እግርና እጅን በራሱ የሚያስተባብርልዎ አማራጭ አለ፤ ያጥፉት። ለጀማሪ ይተዉት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የድሮ አውሮፕላን ያለ እግር ሥራ የድሮ አውሮፕላን አይደለም።

ለምን ከብ?

ትንሽ አውሮፕላን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ ባለ አንድ ሞተር ነበር። በ1923 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዝግጅት ላይ ሁበርት ጁሊያን የተባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ ከሰከሰው፤ እርሱም ከአገር ተባረረ። በ1928 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራትን ፀሐይ የተባለች አውሮፕላን ጣሊያን ወስዶ ሮም አቅራቢያ ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ውስጥ አቆያትና በጥር 2016 ዓ.ም. መለሰልን።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ታሪክ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን አበረረልን። ከነጻነት በኋላ አየር ኃይሉን ለማቋቋም መጣ፤ ለማሠልጠኛ የተመረጠው ሳብ ሳፊር የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1939 ዓ.ም. አንዱን ሳፊር ከስቶክሆልም አስነሥቶ፣ 6,220 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፍ በረረና በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ። ሞተሩ 145 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ዛሬ መንገድ ላይ ከሚያዩት ብዙ የቤት መኪና አይበልጥም። በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ እርጅና ሳይበግረው በትናንሽ ኤምኤፍአይ-15 አውሮፕላኖች ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ መንገድ ለማይደርስባቸው የደጋ ሰዎች ከረጢት እህል ከላይ ይጥል ነበር። በ1969 ጎዴ ላይ በጦርነት ሞተ። እንግዲህ ማታ ኮምፒውተርዎ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ይዘው በወሎ ሸለቆ ሲገቡ፣ ይህን ሥራ በእውነት፣ በሕይወቱ ተወራርዶ የሠራ ሰው እንደነበረ ያስታውሱ።

ታዲያ ለምን ሳፊርን ትተን ከብ? ከብ ከሁሉም ደካማው ስለሆነ። ጄ-3 ከብ ከ1938 እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ወደ 20,000 ገደማ ተሠርቷል። ሞተሩ 65 የፈረስ ጉልበት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 87 ማይል፣ ነዳጁ 45 ሊትር። ባትሪ የለው፣ ሬዲዮ የለው፣ የክንፍ ፍላፕ የለው። የነዳጅ መለኪያው በገንዳው ክዳን ላይ የወጣ ሽቦ ነው፤ ከሽቦው ሥር ቡሽ ታስሮ ነዳጁ ላይ ይንሳፈፋል። ነዳጁ ሲያልቅ ቡሹ ይወርዳል፣ ሽቦውም ያጥራል። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

የሳሳውን አየር ማስላት

ይህን ክፍል ዘሎ ማለፍ የሚፈልግ አንባቢ ይኖራል፤ እኔም ዘልዬው ነው ማሳ ውስጥ የገባሁት።

ባሕር ጠረፍ ዘይላ የተወለደ ሯጭ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚያለከልከው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ሞተርም ሳንባ አለው፤ እሱም ያለከልካል። ክንፉም ቢሆን የሚደገፈው በዚያው በሳሳ አየር ላይ ነው፤ ፕሮፔለሩም የሚነክሰው እሱኑ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ አውሮፕላን በሦስት በኩል ይጎዳል። በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመር አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። አብራሪዎች ይህን ወደ አንድ ቁጥር ያመጡታል፦ አውሮፕላኑ «ስንት ጫማ ላይ ያለ ይመስለዋል?»

እንደሚከተለው ያስሉት። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ጫማ ሲቀየር 8,500 ገደማ። በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ ከፍታ ሊኖር የሚገባው ሙቀት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይጨምሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 8 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 10 ነው፤ 1,200 ጫማ ይጨመራል፤ አውሮፕላኑ 9,700 ጫማ ላይ ያለ ይመስለዋል። እኩለ ቀን 22 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 24 ነው፤ ድምሩ 11,400 ይጠጋል።

አሁን የከብን መጽሐፍ ይክፈቱ። የመጨረሻ የአገልግሎት ከፍታው 11,500 ጫማ ነው። ይህ ማለት ከዚያ በላይ በደቂቃ 100 ጫማ እንኳ መውጣት ያቅተዋል ማለት ነው። ልብ ይበሉ፤ ገና መሬት ላይ ቆሞ፣ ጎማው ሣር እየረገጠ፣ አውሮፕላኑ የአቅሙ ጣሪያ ላይ ደርሷል። ከ65ቱ ፈረስ የቀሩት 43 ያህል ናቸው። ቢነሣ እንኳ በ2 ኪሎ ሜትር መንገድ 30 ሜትር ነው ከፍ የሚለው፤ ከቆላ ገበያ የተመለሰ የተጫነ አህያ ከዚህ የባሰ ዳገት ይወጣል።

እኔ ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከፊት ሰው አስቀምጬ፣ ገንዳውን ሞልቼ ነበር ልነሣ የሞከርኩት። መፍትሔው እንግዲህ ከስሌቱ ራሱ ይወጣል። ብቻዎን ይብረሩ። ነዳጁን ግማሽ ያድርጉ። ሰውየውንና ግማሹን ነዳጅ ሲያወርዱ ከሙሉ ጭነቱ ወደ 100 ኪሎ ገደማ ይቀንሳሉ፤ ባዶው 350 ኪሎ ለማይሞላ አውሮፕላን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰዓቱንም በግሪንዊች 4 ላይ ያድርጉት፤ የኛ 1 ሰዓት። የአየሩን ሁኔታ ማስመሰያው ከሩቅ ጣቢያ እንዲያመጣልዎ አይተዉት፤ ሙቀቱን በእጅ ያስገቡ፤ ነፋሱን ለመጀመሪያው ሳምንት ዜሮ ያድርጉ።

ሞተሩን ማስነሣት

ቀድሞ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ አባት ካለዎ ሞተር በእጅ የሚዞርበትን ማኖቬላ ያስረዳዎታል። ከብም ሞተሩን የሚያስነሣለት ቁልፍ የለውም፤ ፕሮፔለሩ በእጅ ይመታል። የነዳጁን መክፈቻ ይክፈቱ። በፕራይመሩ ጥቂት ቤንዚን ይርጩለት። የሻማዎቹን እሳት የሚያመነጨው ማግኔቶ ጠፍቶ እያለ ፕሮፔለሩን ሦስት አራት ጊዜ በዝግታ ያዙሩት፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ይገባል። ቀጥሎ ቤንዚን መስጫውን ስንዝር ሳይሆን ጣት ያህል ከፍተው፣ ማግኔቶውን «ሁለቱም» ላይ አድርገው፣ አንዴ ይምቱት። ጠዋት ቀዝቀዝ ስላለ በመጀመሪያው ላይነሣ ይችላል። ሲነሣ ወዲያው የዘይት ግፊቱን ይዩ፤ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ያጥፉት። ከፍ ያለ ዝርዝር ያላቸው ሞዴሎች በእርግጥ ሞተር ያቃጥላሉ፤ በኋላ በዚያው ሞተር ነው የሚበሩት።

ሁለት ደቂቃ ያሙቁት። ማግኔቶዎቹን አንድ በአንድ አጥፍተው ዙሩ ትንሽ እንደሚቀንስ ያረጋግጡ። ጨርሶ ካልቀነሰ ማግኔቶው አልጠፋም ማለት ነው፤ ብዙ ከቀነሰ ሻማው ቆሽሿል። የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ይሳቡና ይመልሱ።

ከፍታ መለኪያውን የሜዳውን ከፍታ እስኪያሳይ ድረስ ያስተካክሉ። ይህችን ብዙ ሰው ይረሳል፤ ገደል ውስጥ ሲገባ ነው የሚያስታውሰው።

መነሣት

ብቻውን የሚበር ሰው ከኋላ ወንበር ነው የሚቀመጠው። አፍንጫው ከፊትዎ ሰማይ ይጋርዳል፤ ቀጥታ የሚያዩት የለም። ስለዚህ ሜዳው ላይ ሲሄዱ እንደ እባብ ወዲያ ወዲህ እየታጠፉ በጎን በኩል ይዩ። መሪውን ወደ ሆድዎ ስበው ይያዙት፤ ጅራቱ እንዲረግጥ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ፣ ነፋስ ካለ ገጥመውት ይቁሙ። ቤንዚኑን በአንድ ጊዜ አይስጡ፤ ቀስ እያሉ እስከ ጫፍ። አፍንጫው ወደ ግራ ይሸሻል፤ በቀኝ እግር ይያዙት። አጥብቀው ከረገጡ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ይህ የእግር ሥራ ነው ጠቅላላ የድሮ አውሮፕላን ጥበብ፤ ከሳምንት በፊት አይመጣም፤ ሜዳው ላይ እንደ እንዝርት ከተሽከረከሩ አይፈሩ፤ ሁሉም ተሽከርክሯል።

ፍጥነቱ ሲይዝ መሪውን በመጠኑ ወደ ፊት ይግፉ፤ ጅራቱ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ሜዳውን ያያሉ። አሁን ነው ትዕግሥት። በባሕር ጠረፍ 110 ሜትር ያህል ሮጦ የሚነሣው ከብ እዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈልጋል። መለኪያው 40 ማይል ሲያሳይ ይነሣል፤ ግን ወዲያው አይስቀሉት። ከመሬት ሁለት ክንድ ብቻ ከፍ ብለው፣ እንደ ጅግራ ሣሩን እየዳሰሱ፣ 55 ማይል እስኪደርስ ይሩጡ። ከዚያ በዚያው በ55 ይውጡ። ቶሎ ለመውጣት አፍንጫውን ቢያነሡ አይወጣም፤ ይወርዳል።

ወደ ዓባይ

ከተነሡ በኋላ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ አይዙሩ። እዚያ በኩል የቦረና ሳይንት ተራሮች፣ የደንቆሮ ጫካ፣ ከዚያም የለጋምቦ ደጋ አለ፤ መሬቱ ከእርስዎ ፈጥኖ ይወጣል። በደጋ አገር ደካማ አውሮፕላን የያዘ ሰው ሕጉ አንድ ነው፦ ውኃ ወደሚፈስበት ይሂድ። ውኃው ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ነው።

ወደ 280 ዲግሪ ይያዙ። ማሳው በጠዋት ፀሐይ ጥላው ረዝሞ ይታያል፤ ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቅና ከሥርዎ ከሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ይከፈታል። ምንም ሳይወጡ፣ ዝም ብለው ሜዳውን ስላለፉ ብቻ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተገኙ። እኔ ከዚህ ማስመሰያ ካገኘሁት ደስታ ሁሉ ይህቺ ቅጽበት ትበልጥብኛለች። ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። በዚሁ አቅጣጫ ከተነሡበት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ መርጡለ ማርያም ላይ ይደርሳሉ፤ በከብ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በእግርና በበቅሎ ግን ወደ ታች ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ አያቶቻችን ያውቁታል።

ገደሉ ውስጥ መውረድ ያምርዎታል፤ ያምራልም። ለመጀመሪያው ቀን ግን ከአፋፉ በታች ከ300 ሜትር በላይ አይውረዱ። መውረዱ አምስት ደቂቃ ነው፤ መውጣቱ ግን እጥፉን ሊፈጅ ይችላል። ቀን ከሆነ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሙቀት የቆላ ሙቀት ነው። ሲወጡ በዋናው ሸለቆ ላይ፣ ሰፊው ቦታ ላይ፣ እየተጠማዘዙ ይውጡ። ከጎን ወደሚገቡት ጠባብ ሸለቆዎች፣ ሰሜን ወደ በሽሎ ወንዝ ደቡብ ወደ ወለቃ ወንዝ ከሚፈሱት ጅረቶች ሥር፣ አፍንጫዎን አያስገቡ። ሸለቆው እየጠበበ፣ ወለሉ እየወጣ ይሄዳል፤ መዞሪያ ሲያጡ ነው የሚነቁት። መግባት ግድ ከሆነ በቀኝ ግድግዳ ተጠግተው ይግቡ፤ ወደ ግራ ለመዞር ሙሉ ስፋቱ ይተርፍዎታል።

እግረ መንገድዎን ቡሹን ይመልከቱ። ከብ በሰዓት 16 ሊትር ያህል ነው የሚጠጣው፤ ግማሽ ገንዳ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ስቶክሆልም አይደርስም።

መመለስና ማረፍ

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወዲያው አያርፉ። አንዴ ዝቅ ብለው ይለፉ፤ ትናንሽ ሜዳ ላይ የሚያርፉ አብራሪዎች ከብትና ሰው ገለል እንዲል እንዲህ ያደርጋሉ። ማስመሰያው ውስጥ ገለል የሚል ከብት የለም፤ ቢሆንም ልማዱ ይኑርዎ፤ የሜዳውን ተዳፋትም ያያሉ።

ሲያርፉ ፍጥነቱ የሚያታልልዎ እዚህ ላይ ነው። መለኪያው እንደ ሁሌው 55 ይላል፤ በሳሳው አየር ግን መሬቱን የሚያልፉት 65 በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ዓይንዎ «ፈጠንኩ» ይልዎታል፤ አፍንጫውን ለማንሣት እጅዎን ይበላዎታል። አያንሡ። ዓይንዎን ሳይሆን መለኪያውን ይመኑ፤ ያለበለዚያ ከሜዳው አጠገብ ክንፉ አየር ይለቅና ይወድቃሉ። ጁሊያንን ያስታውሱ።

ፍላፕ ስለሌለ ከፍ ብለው ከመጡ መውረጃው በጎን መንሸራተት ነው፦ መሪውን ወደ አንድ ጎን፣ እግርን ወደ ተቃራኒው። አውሮፕላኑ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየሄደ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። መሬት ሳይነኩ ያቃኑት። ሦስቱም ጎማ አብረው እንዲነኩ መሪውን ወደ ሆድዎ ይሳቡ። ከነካ በኋላም እግርዎን አያሳርፉ፤ በጅራት ጎማ የሚሄድ አውሮፕላን እስኪቆም ድረስ አያምንዎትም።

መብራት ከጠፋብዎ እንደ ሞተር መጥፋት ይቁጠሩት። ደብተር ይግዙና እያንዳንዱን በረራ ይመዝግቡ፤ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ስንት ሜትር ሮጠው እንደተነሡ። ከወር በኋላ የኔ ደብተር ላይ አንድ ነገር በግልጽ ታየ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የተጻፈ ያማረ በረራ የለም።

ከዚያ ወዲያ

ከብን ከለመዱ በኋላ ሱፐር ከብን ይያዙ። ቅርጹ ያው ነው፤ ሞተሩ 150 የፈረስ ጉልበት፣ ጣሪያው 19,000 ጫማ። ያን ጊዜ ነው ከኮምቦልቻ ወደ መካነ ሰላም የሚመጡት፦ ወደ 250 ዲግሪ፣ 113 ኪሎ ሜትር ያህል። ኮምቦልቻ 1,860 ሜትር አካባቢ ናት፤ መንገድዎ ላይ የተዘረጋው የጉጉፍቱና የአቀስታ ደጋ ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከመነሻዎ ዙሪያ ተጠማዝዘው ከፍ ካሉ በኋላ ይምጡ። ሌላ ቀን ደግሞ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው መቅደላን ይዩ። ቴዎድሮስ ለምን ያንን አምባ እንደመረጠ ከላይ ሲያዩት ይገባዎታል።

አንድ ልመና አለኝ። ኤክስ-ፕሌንና ፍላይትጊር የሚጠቀሙበት የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ በፈቃደኞች የሚሞላ ነው፤ የሚሞላበት ወርልድ ኤዲተር የሚባለው ፕሮግራምም ነጻ ነው። የአውሮፓ ትንሽ የሣር ሜዳ እስከ አጥሩ ድረስ ተሥሎ እዚያ አለ፤ የኛዎቹ ግን ወይ ባዶ መስመር ናቸው ወይ ጭራሽ የሉም። እርስዎ የመካነ ሰላምን ሜዳ የሚያውቁት ከሆነ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ሮጠው ያዩ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ይጠይቁና፣ ሜዳው ከየት እስከ የት እንደነበር፣ ዛፉ የት እንደቆመ፣ ቤቱ በየት በኩል እንደነበር ይሣሉልን።